ክሩ ሲጠብቅ ቃሉ ላላ፦ ከዲማ እስከ አማኑኤል ወፍጮ ቤት

በየካቲት የመጨረሻው ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ፣ «ቆፈን» የተባለው የሮክ ባንድ ድምፃዊ ምኒችል በአንድ የሬዲዮ ዝግጅት ላይ ቀርቦ፣ ባንዱን ያስጠራው «ዝም ያለ ይሰማል» የተባለው ዘፈን ግጥም የማን እንደ ሆነ ተጠየቀ። «ባለቤት የለውም፤ ከዲማ የተዘረፈ ቅኔ ነው» ሲል መለሰ። ከፋሲካ በኋላ በሚወጣው አልበም ላይም «ግጥም፦ የዲማ ቅኔ» ተብሎ እንደሚታተም አከለ። ግጥሙን የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ለአብነት ትምህርት እንግዳ ለሆነ አንባቢ ሁለት ነገር ላስረዳ። ዲማ በጎጃም ያለ ስመ ጥር የቅኔ ትምህርት ቤት ነው። በቅኔ ቤት «መዝረፍ» ማለት ቅኔን ከልብ አፍልቆ በጉባኤ ፊት ማሰማት ነው። በገበያ ቋንቋ ግን ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። ምኒችል የትኛውን ማለቱ እንደ ነበር እርሱ ይወቅ፤ እኔ ሁለቱንም ሰምቻለሁ።

ስልክ ደወልሁለት፤ አላነሳም። ስለዚህ ቅኔው ተዘረፈበት ወደ ተባለው ቦታ ራሴ ለመሄድ ወሰንሁ። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቋንቋ ጥናት ሳስተምር በኖርሁባቸው ዓመታት ዲማን አላየሁም ነበር። ወደ አዲስ አበባ ከተመለስሁ ወዲህም ወደ ጎጃም አልሄድሁም። የሚከተለው የዚያ ሳምንት ማስታወሻ ነው።

ሰኞ

አውቶብሱ ከአዲስ አበባ ገና ሳይነጋ ተነሣ። ስለ ዓባይ በረሃ የምጽፈው ጥቂት ነው፤ ብዙ ሰዎች ጽፈውለታል። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ ሹራብ ያስወልቃል፤ ደጀን ላይ ስንወጣ ያው ሹራብ ተመልሶ ይለበሳል። አዲስ አበቤ ብርድን የሚያውቅ ይመስለዋል። የጎጃም ደጋ ብርድ ግን ቆዳ ላይ አይቀርም፤ ጣት ውስጥ ይገባና ጣቱን የሌላ ሰው ያደርገዋል። ቆፈን የሚባለው እርሱ ነው። የባንዱንም ስም ያወጣው እርሱ ነው፤ ልጆቹ ማለዳ ሲለማመዱ ጊታሪስቱ ጣቶቹን በብብቱ ሥር አሙቆ ነበር የሚጀምረው።

ደጀንን እንዳለፍን ረዳቱ ዘፈኑን ከፈተው። አጠገቤ የተቀመጡ ነጠላ የደረቡ ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ዘፈን ነው ወይስ ወፍጮ?»

«ዘፈን ነው አባባ! የእናንተው አገር ልጆች ናቸው እኮ።»

«የእኛ አገር ልጆች? ምን ቢደርስባቸው ነው እንዲህ የሚጮኹት?»

አውቶብሱ ሳቀ። ረዳቱ እጁን አንሥቶ «ይጠብቁ፣ ይጠብቁ፤ ጊታሩ አሁን ይመጣል» አለ። የመጨረሻው አዝማች ላይ የጊታሩ ድምፅ እንደ ተሳበ ሽቦ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ወጣቶቹ ሁሉ በአንድነት ጮኹ። ሽማግሌው ጆሯቸውን ይዘው «ቃሉስ መልካም ነበር» አሉ። በጉዞዬ ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያው ሂስ ይህ ነው፤ ስሕተትም የለበትም።

እኔ ሌላ ነገር ሰማሁ። «ዝም ያለ ይሰማል» የሚለው ስንኝ «ሰ» እና «መ» ሲላሉ፣ ዝም የሚል ሰው ሌላውን ያዳምጣል ማለት ነው። ሲጠብቁ ግን፣ ዝም ያለውም ሰው ድምፁ ለሌላው ይደርሳል ማለት ነው። ሰሙ ምክር ነው፤ ወርቁ ተስፋ ነው። ግጥሙን የሠራሁት በመጀመሪያዎቹ አዝማቾች እንዲላላ፣ በመጨረሻው እንዲጠብቅ አድርጌ ነው። ጽሕፈታችን ልዩነቱን አያሳይም፤ አፍ ብቻ ነው የሚያሳየው። ምኒችል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አላልቶ ይዘፍነዋል። ሕዝብ በሙሉ አብሮት እያላላ ነው።

ደብረ ማርቆስ ያረፍሁበት ሆቴል ውስጥ ውሃ አልነበረም። አስተናጋጇ ሳልጠይቃት የሞቀ ውሃ በባልዲ ይዛ መጣች፤ «ከመንገድ ለመጣ ሰው ቀዝቃዛ አይሰጥም» ብላ። አዲስ አበባም ውሃው በፈረቃ ነው። ልዩነቱ፣ እዚያ ሲጠፋ ባልዲ ይዞ በር የሚያንኳኳ አለመኖሩ ነው።

ማክሰኞ

ወደ ጋሽ ሁሴን ሱቅ ሄድሁ። ጋሽ ሁሴን በገበያው አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ፣ የጊታሪስቱ የከድር አባት ናቸው። እኔ ዐቢይ ጾም ላይ ነበርሁ፤ እርሳቸው ረመዳን ላይ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ጿሚዎች በባዶ ሆድ በትሕትና ተያየን።

«ዶክተር! ጠፍተው ጠፍተው! ምነው፣ ማርቆስ ብርዱ አስመረረዎት እንዴ?»

«ብርዱ አይደለም ጋሽ ሁሴን።»

«ገባኝ» አሉና አቡጀዲውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። «ሬዲዮኑን እኔም ሰምቼዋለሁ።»

ባንዱ እንዴት እንደ ተወለደ ከእርሳቸው በላይ ማንም አያውቅም፤ መሣሪያው የወጣው ከእርሳቸው ቤት ነውና። ከድር ጊታር የጀመረው ሱቁ ውስጥ፣ ገበያ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ በጣቃዎቹ መካከል ተቀምጦ ነው። ምኒችልና ከበሮ መቺው ይበልጣል የእኔ ተማሪዎች ነበሩ። አራተኛው፣ ቤዝ የሚመታው፣ ባንዱን ትቶ ወጥቷል፤ ለዚህ ታሪክ አያስፈልግም። ለሠርግ ከሚያከራዩት የሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ አንዱን ጋሽ ሁሴን ለልጆቹ ሰጡ። ችግሩ ቦታ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ጩኸቱን አልወደደውም፤ አከራዮች አባረሯቸው። በመጨረሻ ይበልጣል አማኑኤል ወዳለው ወደ እናቱ ወፍጮ ቤት ወሰዳቸው። ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው ስለ ጩኸት አቤቱታ አያቀርብም።

እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ከእነርሱ ጋር እሄድ ነበር። ክፍል ውስጥ መጥበቅና መላላትን ሳስተምር «ዝም ያለ ይሰማል» የሚለውን ምሳሌ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ነበር። ምኒችል ከክፍል በኋላ ቀርቦ «መምህርት፣ ይቺን ልዝፈናት?» አለኝ። ቀሪውን ስንኝ ጻፍሁለት። ከዚያም አንድ ቅዳሜ የሚፈጨው እህል አልቆ ዱቄቱ ገና አየር ላይ ሳለ፣ ሲጫወቱ በስልክ የተቀረጸው ምስል በየሰው እጅ ገባ። ልጆቹ በዱቄት ነጥተው፣ ፀጉራቸው እንደ ሸበተ፣ ዐይናቸው ብቻ ጥቁር ሆኖ ይታያሉ። አዲስ አበባ ጠራቻቸው፤ ሄዱ። አሁን አዳራሽ ይሞላሉ። «አማራጭ ሮክ» ይሏቸዋል፤ አማራጭ ያልነበራቸው መሆናቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

«እርስዎ እንደ ጻፉት እኔ አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ሁሴን። «ከድርም ያውቃል። ግን ዶክተር፣ ልጆች ናቸው፤ ቢተዉትስ?»

«ከሱቅዎ አንድ ጣቃ ተወስዶ ‹ይህ ባለቤት የለውም፣ ከዲማ የመጣ ነው› ቢባል ይተዉታል?»

«ጣቃ ሲሆን አልተውም» አሉ ፈገግ ብለው። «ቃል ሲሆን ግን ሰው ሁሉ ይተዋል። ለዚህ ነው እርስዎ ብቻዎን የመጡት።»

ፀሐይ እስክትጠልቅ አላስነሡኝም። የእርሳቸው ማፍጠሪያ ሲቀርብ ለእኔ ለብቻ፣ ከሥጋውና ከወተቱ በተለየ ትሪ፣ ምስርና ጎመን መጣልኝ። ባለቤታቸው ዘይቱን ከጎረቤት ክርስቲያን ቤት ማስመጣታቸውን ሲነግሩኝ፣ ዘይት ዘይት ነው ብዬ ልከራከር ነበር። ተውሁት። አዲስ አበባ ውስጥ የምኖርበት ሕንፃ ላይ በግራ ያለውን ጎረቤቴን ስም አላውቅም።

ረቡዕ

ዲማ ለመድረስ ሚኒባስ ከዋናው መንገድ ዳር ያወርዳል፤ ቀሪው በእግር ነው። መንገዱ በታጨደ ማሳ መካከል ያልፋል። ጫማዬ ለዚህ የተሠራ አልነበረም፤ ከግማሽ መንገድ በላይ ከሄድሁ በኋላ የቀኙ ሶል ተላቅቆ እንደ ውሻ ምላስ ተንጠለጠለ። ገለባ የምታነሣ አንዲት ሴት አየችኝና ሥራዋን ትታ መጣች።

«ውይ እታለም! በዚህ ነው ዲማ የምትሄጂው?»

«ሌላ አልያዝሁም።»

«አዪ የከተማ ሰው! ጫማው እንኳ ተሳልሞ ተመለሰ።» ሮጣ ሄዳ የራሷን ኮንጎ ጫማ አመጣችልኝ። ፕላስቲኩ በፀሐይ ሞቆ ነበር፤ በልኬም ሆነ። «ስትመለሺ እዚሁ አጥር ላይ አንጠልጥይው» አለችና ባዶ እግሯን ወደ ገለባዋ ተመለሰች። ስሟን የጠየቅሁት ከራቀች በኋላ ነው፤ አልሰማችኝም።

የቅኔ መምህሩ ከደብሩ ቅጥር ውጪ፣ ወይራ ሥር ተቀብለው አነጋገሩኝ። ተማሪዎቹ ራቅ ብለው ተቀምጠው ነበር፤ ዐይናቸውን ግን ከኮንጎው ላይ አላነሡም። የመጣሁበትን ጉዳይ በቅደም ተከተል ነገርኋቸው።

«እስቲ ቅኔውን በይው» አሉ የኔታ።

«ዝም ያለ ይሰማል» አልሁ፤ መጀመሪያ አላልቼ፣ ቀጥዬ አጥብቄ።

የኔታ የዝንብ ጭራቸውን ማወዛወዝ አቆሙ። ከዚያ አንገታቸውን ነቀነቁ። «መልካም ነው። ኅብሩ፣ ሁለቱ ፍች የተገናኘበት፣ ‹ይሰማል› ላይ ነው። ግን ልጄ፣ ይህ አማርኛ ነው፤ የዲማ ልጅ የሚዘርፈው በግእዝ ነው።»

«እዚህ በአማርኛ የሚዘርፍ የለም?»

«በግእዝ የዘረፈ ተማሪ ይባላል። በአማርኛ የዘረፈ ግን» አሉና ወደ ተማሪዎቹ ዘወር አሉ፤ «ምን ይባላል?»

«ሽፍታ ነዋ የኔታ!» አለ ከመካከላቸው አንዱ። ወይራው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ይህን እመዘግባለሁ፣ በዚያ ሳምንት የሳቅሁት እዚያ ብቻ ነውና።

ከሳቁ በኋላ ዋናውን ጥያቄዬን አቀረብሁ፦ የሰው ቅኔ የእኔ ነው ያለ ተማሪ ቢኖር፣ በምን ይለያል?

«እዚህ ቅኔ አይደገምም፤ ትናንት የተባለው ትናንት ቀርቷል። ግን እንዳልሽው ቢሆን አንጣላውም» አሉ። «ምሥጢሩን እንጠይቀዋለን። ሰሙ የቱ ነው? ወርቁ የቱ ነው? ይህ ቃል ለምን እዚህ ገባ? የወለደ ያውቀዋል። የለቀመ ግን ሰሙን ይዞ ይቀራል።»

«ምሥጢሩን ባይመልስስ?»

«እንግዲያ ዝም ይላል» አሉ የኔታ። «ዝም ያለ ደግሞ ይሰማል፤ አላልሽም?» አጥብቀው ነው ያሉት።

ሐሙስ

ረቡዕ ስመለስ ሚኒባስ ስላመለጠኝ ያደርሁት እዚያው መንገድ ዳር፣ ኮንጎውን ያበደረችኝ ሴት ቤት ነው። ስሟ ጠጄ ይባላል። ራት ሱፍ ፍትፍት ነበር። አልጋዋን ለእኔ ለቅቃ መደብ ላይ ተኛች፤ ብከራከርም አልሰማችም። ጠዋት ባሏ የጫማዬን ሶል በወፍራም ክርና በወስፌ ሰፍቶ አቀረበልኝ። አዲስ አበባ ተመልሼ ለጫማ ሠሪ ባሳየው «ይህን የሰፋው ማን ነው?» አለኝ፤ መንካት አላስፈለገውም።

ወደ ደብረ ማርቆስ የተመለስሁበት ሚኒባስ ነዳጅ ፍለጋ ሉማሜ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ቀኑ በዚያ አለቀ። ሌላ የምጽፈው የለም።

ዓርብ

አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ፣ ዋናው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ወፍጮ ቤቱ ከመንገዱ ገባ ብሎ ይገኛል። ከሩቅ ይሰማል፤ አላልቼም አጥብቄም ብጽፈው አንባቢ የሚሳሳት አይመስለኝም። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት እማማ ውዴ የከበሮ መቺው የይበልጣል እናት ናቸው። በር ላይ ቆመው የሴቶቹን ቁና ሲያስተካክሉ አዩኝ።

«ወይ ጉድ! ያቺ አስተማሪ!» ብለው በዱቄት እጃቸው አቀፉኝ። ጥቁሩ ካፖርቴ ነጣ። «ተቀመጪ፤ ይኸ ስልቻ ይለቅና እናወራለን።»

ስልቻው ሲያልቅ ሞተሩን አጠፉት። ዝምታው ጆሮ ላይ ወደቀ። ቆሎና ጠላ ቀረበ። ልጃቸው በዝና ላይ ስላለ ደስታቸውን አልደበቁም፤ ቅሬታቸውንም እንዲሁ።

«ሲደውል ‹እማ፣ በተከራየሁት አልቤርጎ ከበሮ መምታት ተከለከልሁ› ይለኛል። ና እዚህ ምታው አልሁት። ያገሬ ሰው ‹ውዴ፣ ዛሬ ወፍጮው ነው ወይስ ልጆቹ?› እያለ ነበር እህሉን የሚያመጣው፤ አሁን ‹ልጆቹ የሉም?› ብሎ አዝኖ ይመለሳል።»

ለምን እንደ መጣሁ ነገርኋቸው። ሬዲዮኑን አልሰሙም ነበር። ዘፈኑን በስልኬ ከፈትሁላቸው። እስከ መጨረሻው አዝማች ዝም ብለው አዳመጡ፤ የጊታሩ ድምፅ ተስቦ ሲወጣ ግን ጉልበታቸውን መትተው ተነሡ።

«ይቺ! ይቺ ያንቺ አይደለች? ‹አጥብቀው!› እያልሽ ትጮኺ የነበረው!»

«መቼ እማማ?»

«ያኔ ነዋ! እዚያ በሩ ላይ ቆመሽ። ልጁ ሲዘፍን መጨረሻዋ ላይ ሲደርስ አንቺ ‹አጥብቀው! አጥብቀው!› ትያለሽ። እኔ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ላልቶ ያየሽ መስሎኝ ሮጬ ቺንጋውን አጠብቀዋለሁ። ተምራለች፣ ሞተርም ታውቃለች ብዬ እኮ ነው!» ሳቃቸው መጣ። «ከድር ደግሞ የሱን ክር ያልሽው መስሎት፣ በዚያ በቆፈነነ ጣቱ ክሩን ወደ ላይ ይስባል፤ ክሩም ይጮኻል። በሳምንቱም እንደዚያው። አንቺ ‹አጥብቀው› ስትዪ እኔ ቺንጋዬን፣ እሱ ክሩን።»

«ምኒችልስ?»

እማማ ውዴ አሰቡ። «እሱማ ለሱ የተናገርሽ መሆኑን አላወቀም መሰለኝ። ዝም ብሎ ይዘፍን ነበር።»

ይህን ነጥብ በትክክል ለማስፈር እፈልጋለሁ። ስለ «ቆፈን» የተጻፈ ሁሉ የሚያነሣው፣ ወጣት ሁሉ በአውቶብስ ውስጥ እጁን አንሥቶ የሚጠብቀው፣ አዲስ አበባ ውስጥ አዳራሽ የሚያስነሣው ያ የጊታር ጩኸት፣ «ሰ» እና «መ» እንዲጠብቁ የሰጠሁት እርማት ነው። ወፍጮ ቤት ውስጥ ስለ ተነገረ የሄደው ወደ ሌላ ጆሮ ነው። ቺንጋው ጠበቀ። ክሩ ጠበቀ። ቃሉ ብቻ ላላ።

እማማ ውዴ ፊቴን አይተው ቀልዱን ተዉት። «አዘንሽ እንዴ ልጄ?»

«አላዘንሁም። እየመዘንሁ ነው።»

«ይበልጣልን እነግረዋለሁ። እናቱ ነኝ፤ እኔን ‹ባለቤት የለውም› አይለኝም።» ከዚያም እንደ ጋሽ ሁሴን «ተይው» ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። ነጭ ጤፍ ዱቄት በፌስታል ሞልተው አሸከሙኝ፤ «ይህንንም አጥብቀሽ እሰሪው፣ መንገድ ላይ እንዳይፈታ» አሉ።

ቅዳሜ

ተመለስሁ። በረሃው ያው ነው፤ ሹራቡም እንዲሁ። ረዳቱ ሌላ ሰው ነበር፤ ዘፈኑ ግን ያው። የምኖርበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ፌስታሉ ሊፈታ ሲል፣ በግራ በኩል የሚኖረው ጎረቤቴ ከሥር ደግፎ ያዘልኝ። ስሙን ጠየቅሁት።

ምኒችል፦ ይህን ጽሑፍ እንደምታነበው አውቃለሁ፤ ስለ ባንድህ የተጻፈ ሁሉ ይነበብልሃል። ስለ ዝና አልጠይቅህም። ይቅርታ እንድትጠይቀኝም አልፈልግም። ከአንተ የምፈልገው፣ የቅኔ መምህር ማንኛውንም ተማሪ የሚጠይቀውን የአንድ ቃል ምሥጢር ነው። አልበሙ ከመታተሙ በፊት፣ ግጥሙ የዲማ ነው ባልህበት በዚያው ሬዲዮ፣ በራስህ አፍ መልስ፦

በመጨረሻው አዝማች ላይ ያለው «ይሰማል» ይጠብቃል ወይስ ይላላል? ከጠበቀ፣ ያጠበቀው ማን ነው? ከላላ፣ ክሩ ለምን ጠበቀ?